የትምህርት ቤት ጉልቤ ያለበት ፊልም፦ የኛስ የታለ?

ሚኪ አራት ኪሎ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ይሄን ክር የከፈትኩት ፊልም ለመጠቆምም፣ ትንሽ ለመነታረክም ነው። ጉዳዩ የትምህርት ቤት ጠብና ጉልቤነት፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ያልያዛቸው ጎረምሶች ያሉባቸው ፊልሞችና ድራማዎች ናቸው።

ከ«አዶለሰንስ» ልጀምር። ያላየ ካለ ባጭሩ፦ ታሪኩ እንግሊዝ አገር ነው። ጄሚ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ አለ። ማለዳ ፖሊስ የቤቱን በር ሰብሮ ይገባና ከአልጋው ያነሳዋል። አንዲት የትምህርት ቤቱ ልጅ በጩቤ ተወግታ ሞታለች። ልጁ በድንጋጤ ሱሪው ላይ ይሸናል። ያለው አራት ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴ ከተነሳ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፣ በ2018 መስከረም የአሜሪካኖቹን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ጠራርጎ ወሰደ። ጄሚን የሚጫወተው ኦወን ኩፐር ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። በ15 ዓመቱ ተሸለመ። በትወና ኤሚ ከወሰዱ ወንዶች በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው።

ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ እዚያው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያልቃል። ደራሲዎቹ ጃክ ቶርንና ስቲቨን ግራም (አባትየውን ሆኖ የሚጫወተውም ራሱ ግራም ነው) የቀረውን ጊዜ የሰጡት «ልጁ እዚህ እንዴት ደረሰ» ለሚለው ነው። እዚህ ላይ ካሜራው ትልልቆቹን መከተል ይጀምራል። የመርማሪው ፖሊስ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ሟቿ ጄሚ ኢንስታግራም ላይ የጻፈቻቸው ኢሞጂዎች ስድብ መሆናቸውን ለአባቱ የሚያስረዳው እሱ ነው። ፖሊሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሟቿና ጄሚ ወዳጆች መስለውት ነበር።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ፦ የዚህ ዓይነት ፊልም ሁለት ዘር አለው። አንዱ የተደባደበውን ልጅ ያያል። ሌላው ልጁን ሳያዩ የቀሩትን ሰዎች ያያል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው። እኛ አገር ግን አንደኛውም የለም። ድራማዎቻችን ውርስ አላቸው፣ ውሽማ አላቸው፣ የጠፋ ልጅ አላቸው። ክፉ ሰውም ከ«ሰው ለሰው»ው አስናቀ ጀምሮ አላጣንም። ትምህርት ቤት ግን መኪና ልጅ የሚያወርድበት በር ብቻ ነው። በሩን አልፎ የገባ ድራማ ማነው?

ሶሊ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡42

ሚኪ የኮሪያውን ድራማ «ዘ ግሎሪ»ን ሳትጠራ ይሄን ክር መክፈትህ ወንጀል ነው 😂

16 ክፍል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ሁለተኛው መጋቢት 2023 ወጣ። ሶንግ ህዬ-ክዮ የምትጫወታት ሙን ዶንግ-ኡን ተማሪ እያለች አምስት ልጆች ተባብረው ያሠቃዩዋታል። ሰውነቷን በፀጉር መተኮሻ ያቃጥሉታል። አድጋ አስተማሪ ትሆንና የዋናዋን ጉልቤ ልጅ ክፍል ትረከባለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያቀደችው በቀል ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ በቀሉ ነው። እኔን የገደለኝ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ናቸው። ልጅቷ ዝም አላለችም እኮ! ተናግራለች። የክፍል ኃላፊ መምህሯ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ በጥፊ መታት። እናቷ ደግሞ ከሀብታሞቹ ገንዘብ ተቀብላ ፈረመች። ስለዚህ ሚኪ፣ ያንተ «ሁለተኛው ዘር» እዚህም አለ። በበቀል ልብስ ተጠቅልሎ ነው የመጣው።

ደራሲዋ ኪም ኡን-ሱክ ሐሳቡን ያገኘችው ከልጇ ነው። ልጅቷ፣ እኔ ሰው ደብድቤ ብገድልና እኔ ተደብድቤ ብሞት የትኛው የበለጠ ያሳዝንሻል ብላ ጠየቀቻት። እስቲ እናቶች መልሱ።

የሚገርመው ደግሞ ሁለተኛው ግማሽ በወጣበት ሰሞን ዳይሬክተሩ አን ጊል-ሆ ራሱ ተማሪ እያለ ልጆች ደብድቧል ተባለ። መጀመሪያ ካደ፣ ከዚያ በጠበቃው በኩል ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፊሊፒንስ የተፈጸመ ነገር ነው። ኮሪያ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ተዋናይ ይሁን ስፖርተኛ፣ የትምህርት ቤት ጉልቤነቱ ከወጣበት እንጀራው ያልቃል።

የናቲ እናት
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

ሶሊ፣ ጥያቄሽን ላለመመለስ መብቴን እጠቀማለሁ።

እኔ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። እነዚህን ነገሮች አብሬው ልይ ወይስ ልደብቅ? «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» የወጣ ጊዜ የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታይ አድራ በማግስቱ ለሁለት ቀን አላወራችንም። ልጅቷ ራሷን ካጠፋች በኋላ ለምን እንደሆነ በካሴት ቀርፃ የተወችበት ድራማ ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከነሙሉ ትዕይንቱ ለቀቁት። ኔትፍሊክስ ያንን ትዕይንት ቆርጦ ያወጣው በ2019 ሐምሌ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆች አይተውት ካበቃ በኋላ! የሐኪሞች ምክር ሰምተን ነው አሉ። ሐኪሞቹ እኮ ከመጀመሪያው ሲጮኹ ነበር።

ስለዚህ «ልጆቹን ያሳያል» ስለተባለ ብቻ ጥሩ ፊልም ነው አልልም። ልጅቷ ከሞተች በኋላ ሁሉም የሚሰማት፣ ሁሉም የሚያለቅስላት ሆና ነው የምትታየው። ለከፋው ልጅ ይሄ ማባበያ ነው።

ሚኪ አራት ኪሎ
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡11

የናቲ እናት፣ እሱን አልደብቅሽም፣ እኔም ለልጅ አላሳየውም። «አዶለሰንስ»ን ግን አብረሽው እዪ። ግድያውን በቀጥታ አያሳይም፣ ከሩቅ የጥበቃ ካሜራ ምስል ነው። ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በነፃ እንዲታይ ተደርጓል፣ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ስታርመርም ደግፎታል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ተዘጋጂ። ልጁና አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ትኩስ ቸኮሌት ይዛለት ትመጣለች፣ ሳንድዊቿን ታካፍለዋለች። ደህና እየተጫወቱ ድንገት ይነሳና ይጮህባታል። ወዲያው ደግሞ ትንሽ ልጅ ይሆናል። ቀረጻው የተጀመረው በዚያ ክፍል ነው። እንግዲህ ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት የቆመው በዚህ ነው!

ቲቸር 9ኛ ቢ
እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

መምህር ነኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት፣ መሀል ከተማ። ስሙን አልጠራም።

የ«አዶለሰንስ»ን ሁለተኛ ክፍል ሳይ የሳቅኩት ሳቅ የምሬት ነው። ፖሊሶቹ ትምህርት ቤቱን ይዞራሉ። በየክፍሉ ልጆቹ ቪዲዮ ተከፍቶላቸው ተቀምጠዋል። መርማሪው እዚህ የሚማር ሰው አለ ወይ ብሎ ይገረማል። መምህራኑ ይጮሃሉ፣ የሚሰማቸው የለም። «አርፋችሁ ተቀመጡ»ው የኛው ነው።

ነገር ግን ወንድም ሚኪ፣ «ያላዩት ትልልቆች» ስትል ሁሌ ወደ እኛ ነው የሚዞረው። እስቲ ክፍሌን ልንገርህ። ከስልሳ በላይ ልጅ አለ። የኋለኛው ወንበር ላይ የሚሆነውን ለማየት ጥቁር ሰሌዳውን መተው አለብኝ። ጠብ ሲነሳ ዩኒት ሊደሩ ጋ እልካለሁ፣ ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ አምጣ» ይላል። ወላጁ ይመጣል። የማን ወላጅ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቅ። አንድ ሰውዬ ዘንድሮ ለሦስት የተለያዩ ልጆች አጎት ሆኖ መጥቷል። ፊርማው ግን አንድ ነው። በር ላይ ሊስትሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ጫማዬን ሲያይ ዓይኑ ይቀራል።

ይሄን ፊልም ያድርጉት እንግዲህ። ድራማም ኮሜዲም ይወጣዋል።

ጋሽ ፕሮጀክተር
እሑድ፣ ረፋድ 4፡15

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ ካዛንቺስ ቪዲዮ ቤት የነበረኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ሰፈሩም ቪዲዮ ቤቱም የለም።

እናንተ የምታወሩት አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1955 «ብላክቦርድ ጃንግል» የሚል ሠርተዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆቹ መምህሩን ይደበድቡታል። ሲድኒ ፖይተር እዚያ ላይ ተማሪ ነው፤ ያውም አስቸጋሪው። ከ12 ዓመት በኋላ በ«ቱ ሰር ዊዝ ላቭ» ራሱ መምህር ሆኖ ለንደን ላይ የሌላ አገር ዱርዬ ሲያስተምር ታዩታላችሁ። ሁለቱን አከታትላችሁ እዩ፣ ሌላ ፊልም ይሆናል።

ቪዲዮ ቤት ሰው የሚሞላው ግን በ«ሊን ኦን ሚ» ነበር። ሞርጋን ፍሪማን፣ እ.ኤ.አ. የ1989 ፊልም ነው። ጆ ክላርክ የሚባል እውነተኛ ሰው ነው፣ ኒው ጀርሲ ፓተርሰን ከተማ ዳይሬክተር የነበረ። የቤዝቦል ዱላ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይሄዳል። ሦስት መቶ ዱርዬ በአንድ ቀን ያባርራል፣ በሩን በሰንሰለት ይቆልፋል። የኛ ወጣት ያጨበጭብ ነበር። ወላጆችም መጥተው «እንዲህ ያለ ዳይሬክተር ነበር የሚያስፈልገን» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኛ በኮርኩምና በቁንጥጫ አድገን ነው ሰው የሆንነው።

ቡቹ
እሑድ፣ ረፋድ 4፡22

ጋሼ ይቅርታ ግን የተባረሩት 300 ልጆች የት ሄዱ? ፊልሙ ላይ አሉ?

ጋሽ ፕሮጀክተር
እሑድ፣ ረፋድ 4፡31

የኔ ልጅ ጥሩ ጠየቅህ። አንዱ ይመለሳል። አልቅሶ ይለምናል፣ ጣሪያ ላይ ወስዶ ይገስጸዋል። የሌሎቹን አላሳየንም።

ቡቹ
እሑድ፣ ረፋድ 4፡50

አያችሁ።

በነገራችን ላይ 11ኛ ክፍል ነኝ። እዚህ ክር ላይ ስለኛ የምታወሩት ሁላችሁም ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ደስ ይላል 😅 ስለዚህ እኔም ልናገር።

እናንተ የምታውቁት ጠብ «በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ነው አይደል? ቴስታ፣ ካልቾ፣ ከዚያ ዘበኛው ይመጣል። እሱ አሁንም አለ። ግን እሱ ቀላሉ ነው፤ አንድ ቀን ተመትተህ ያልቃል። አሁን ያለው ቴሌግራም ነው። ሳታውቅ ፎቶ ያነሱህና ስቲከር ያደርጉሃል። እያዛጋህ፣ ወይ እያለቀስክ፣ ወይ ሰልፍ ላይ ሱሪህ ተቀዶ። የክፍሉ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ቀልድ ባወራ ቁጥር ያንተ ፊት ይለጠፋል። ሌላ ክፍል ይሄዳል፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የማታውቀው ልጅ ታክሲ ውስጥ አይቶህ ይስቃል።

ለቤተሰብ ስትናገር «ማን ነካህ? የቱ ጋ ነው?» ይሉሃል። የሚታይ ነገር የለህም። «ስልኩን ዝጋው» ይሉሃል። እኔ ብዘጋው እነሱ አይዘጉትም።

ለዚህ ነው «አዶለሰንስ» ላይ ኢሞጂውን ሲያስረዳው የነበረው ልጅ የተመቸኝ። አባቱ ላይ ሙድ አልያዘም። አፍሮለት ነው የነገረው፣ «ስትደናበር እያየሁ ነው» ዓይነት። ደግሞ ልጁ ራሱ እዚያ ትምህርት ቤት ጉልቤ አለበት፣ አባትየው አያውቅም። ያንን ልብ ያለ አለ?

ቲቸር 9ኛ ቢ
እሑድ፣ ረፋድ 5፡02

ቡቹ፣ ስቲከሩን አላውቅም ነበር። ነገ ግሩፑን እንዲያሳዩኝ አልጠይቅም፣ አይዞህ። ግን ሰኞ ሰልፍ ላይ ማን ስልክ እንደሚያነሳ አያለሁ።

ብዕረኛው
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡20

ሚኪ «የታለ» ስትል ለኔ የተጻፈ መሰለኝ። የፊልም ጽሑፍ ነው የምጽፈው፣ ሁለት ሦስቱ ተሠርቶልኛል። የትምህርት ቤት ጽሑፍም አለኝ፣ መሳቢያ ውስጥ። ለምን እንዳልተሠራ ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም።

ታሪኩ የ15 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ሹፌር ነው፣ ክፍለ ሀገር ይሠራል። ልጁ በፈረቃ ይማራል፣ ከሰዓት ነፃ ነው፣ ከትልልቅ ልጆች ጋር ይውላል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ይመታል፣ የተመታው አንድ ዓይኑን ያጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱ እናቶች ታሪክ ነው። አንድ ሰፈር ናቸው፣ አንድ ዕድር። ለሽምግልና ይቀመጣሉ። ልጆቹን ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

ገንዘብ ያለው ሰው አነበበው። ወደደው። «ካምፓስ አድርገው» አለኝ። ለምን? ካምፓስ ከሆነ ፍቅር ይገባል፣ ታዋቂ ተዋናይ ይገባል። 15 ዓመት ልጅ ማን ያውቀዋል? ትኬት አይሸጥም። እንቢ ስል «እሺ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ግን እገሌ ይጫወተው» አለ። እገሌ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ጢም አለው። ዩኒፎርም አልብሼ ጠመኔ ላስይዘው?

ልጅ ተዋናይ አይገኝም የሚለውን አልቀበልም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ፊልሙን ተሸክሞት የሚሄደው ትንሽ ልጅ ነው። የሚፈለገው ጊዜ ነው። ልጅ ለማለማመድ ሳምንታት ያስፈልጋል፣ እኛ ጋ ሙሉ ፊልም የሚቀረጸው በዚያ ጊዜ ነው። የ«አዶለሰንስ» ሰዎች ለእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ረጅም ልምምድ አድርገው፣ ከዚያ በቀረጻው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሠሩታል። ከዚያ ሁሉ የሚመረጠው አንዱ ነው።

ሌላው የፈቃድ ደብዳቤ ነው። እውነተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ መቅረጽ ፈለግሁ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ። አንዱ ኃላፊ ጽሑፉን በደንብ አንብቦታል፣ ይሄን አልክድም። «ዩኒት ሊደሩ ልጁን የሚመታበት ቦታ ይውጣ» አለኝ። ምክንያቱ? «የተቋሙን ገጽታ ያበላሻል።» ልጅ ዓይን ያጣበት ትዕይንት ምንም አላለውም። የዩኒት ሊደሩ ጎማ ነው የከበደው።

ሶሊ
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡33

ብዕረኛው ይሄን ለምን ለብቻህ ክር አልከፈትክበትም 😮 ሁለቱ እናቶች አንድ ዕድር ውስጥ ያለው ገደለኝ። እኔ አየዋለሁ።

ቤዛ ስድስት ኪሎ
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡10

ሁላችሁም ረስታችኋል። የኛ አለ። «ድፍረት»።

«ያ እኮ የጠለፋ ፊልም ነው» እንዳትሉኝ። ሂሩት የ14 ዓመት ተማሪ ናት። የምትጠለፈው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው። ፈረስ የጫኑ ወንዶች ከበው ይወስዷታል፣ የያዛት ሰውዬ ይደፍራታል። ጠመንጃ አግኝታ ስትሸሽ ትገድለዋለች። ከዚያ በፊት ደብተር የያዘች ልጅ ናት። ይሄ የትምህርት ቤት ጥቃት ካልሆነ ምንድነው? ጥቃት ማለት ግቢ ውስጥ የሚሆን ብቻ ነው ያለው ማነው? መንገዱ ላይ ነው ብዙው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ የምትወርድ ተማሪ ስንቴ እጇን እንደምትያዝ ጠይቋት።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ፣ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። እውነተኛ ታሪክ ላይ የቆመ ነው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በኛ አቆጣጠር የሆነ። ጉዳዩን የያዘችው ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ናት፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ተቀምጦ እያለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። በኋላ ታየ። እንግዲህ ሚኪ፣ አንድ ፊልም በሩን አልፎ ገብቷል፣ ያውም ተከልክሎ።

ደግሞ «የኛ» የሬዲዮ ድራማን ማን ያስታውሳል? አምስት ሴት ልጆች። በ2005 ዓ.ም. ጀመረ። ስለ ጠለፋም፣ ስለ ቤት ውስጥ ድብደባም፣ ስለ ትምህርት ማቋረጥም በልጆች አፍ ይናገር ነበር። ስንት ሰው ዘፈኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጦች በራሳቸው የሴቶች ዘፋኝ ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው አላገጡበትና እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ይሰጠው የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ያላገጡት ሰዎች አንድ ክፍል ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሚኪ አራት ኪሎ
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡25

ቤዛ፣ «ድፍረት»ን እቀበላለሁ። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ እዚያ ላይ ጥቃቱ የሚመጣው ከገጠር ልማድ ነው። ከተሜው ተመልካች ተቀምጦ «እነሱ» ይላል። የብዕረኛው ዩኒት ሊደር ግን «እኛ» ነው። ለዚህ ነው የከበዳቸው። ጋሽ ፕሮጀክተር ቅድም ያሉትም እዚህ ይገባል። ዱላው ላይ እናጨበጭባለን።

ጋሽ ፕሮጀክተር
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ሚኪ ልጄ፣ ዱላና ጥቃት አንድ አይደለም። አባት የሚመታው ሊያስተካክል ነው። ዱርዬው የሚመታው ሊጎዳ ነው። ይሄን ካልለየህ ሁሉም ነገር ይምታታብሃል። ዛሬ ዱላ ቀረ፣ ልጁ ምን ሆነ? መምህሩን እየሰደበ ነው።

ሶሊ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡14

ጋሼ ከአክብሮት ጋር፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እኮ አለ። ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ከ1987 ጀምሮ! የዩኒት ሊደሩ ጎማ ሕገ ወጥ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ሚኪ አራት ኪሎ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡30

ሕጉን እንተወውና ወደ ፊልሙ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም የጋሼን ጥያቄ «አዶለሰንስ» ራሱ ይጠይቀዋል። አራተኛው ክፍል ላይ አባትየው የልደቱ ቀን ነው። ልጁ ከታሰረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። መኪናው ላይ ስድብ ጽፈውበታል፣ ቀለም ገዝቶ ሊያጠፋው ይሞክራል። ከዚያ ከሚስቱ ጋር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። አባቴ በቀበቶ ይገርፈኝ ነበር፣ እኔ ግን ልጆቼን በፍጹም አልመታም ብዬ ምዬ ነበር ይላል። ቃሉንም ጠብቋል። ልጁን መትቶ አያውቅም።

እና ልጁ ገደለ።

ጋሼ እዚህ ላይ «ይኸው! ባለመምታቱ ነው!» ሊሉ ይችላሉ። ሶሊ ደግሞ «የአያትየው ቀበቶ ነው» ልትል ትችላለች። ደራሲዎቹ ሁለቱንም አይሉም። ሰውየው አለመምታትን ያውቅ ነበር፣ በምትኩ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላሳየውም። ልጁ ኳስ ሜዳ ላይ ሲያቅተውና ሌሎቹ አባቶች ሲስቁበት፣ ፊቱን አዙሯል። ልጁም አባቱ ፊቱን ሲያዞር አይቷል። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያድር ደግሞ ቤት ስላለ ደህና መስሏቸው ነበር። እኔ ከዚህ ድራማ ትልቁ ትዕይንት ይሄ ወሬ ነው እላለሁ፤ ካሜራው ሳይቆረጥ መሄዱ እንኳን ከዚህ በኋላ ነው።

ቲቸር 9ኛ ቢ
እሑድ፣ ምሽት 12፡40

አሁን የኔን ሥራ ነገርከኝ። ዱላው ይቁም ተባለ፣ መቆሙም ልክ ነው። በዱላው ቦታ ግን የተሰጠን ነገር የለም። አማካሪ ካለ ለሙሉ ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሬጅስትራር ሥራ ደርበውበታል። ልጁ ሲያጠፋ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፦ ወላጅ አምጣ ወይም ተባረር። የኪራዩን አጎት ነግሬያችኋለሁ። የተባረረው ደግሞ ቡቹ እንዳለው ፊልሙ ላይ የለም። በሩ ላይ ግን አለ። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ከሰዓት የሚወጡትን ልጆች እየጠበቀ።

የናቲ እናት
እሑድ፣ ማታ 2፡15

ዛሬ ከናቲ ጋር የመጀመሪያውን ክፍል አየን። ስለ ልጁ ምንም አላለም። «ጠበቃው ሲመጣ አባትየውን ለምን አብሮ አስገቡት?» ብቻ ነው የጠየቀኝ። ዕድሜው ትንሽ ስለሆነ አዋቂ ሰው አብሮት መቀመጥ አለበት አልኩት። «እኔ ብሆን ማንን እመርጣለሁ?» ብሎ አሰበ። ጮክ ብሎ! መልሱን አልነገረኝም። ሁለተኛውን ነገ እናያለን።

ሶሊ
እሑድ፣ ማታ 2፡21

ጄሚም እናቱን አይደለም የመረጠው፣ አባቱን ነው 👀 ናቲ ሲመርጥ ንገሪን።

ጋሽ ፕሮጀክተር
እሑድ፣ ማታ 2፡50

እስቲ ይሄን ነገር እኔም ልየው። ኢንተርኔቱ አይሆንልኝም። ፍላሽ ላይ የሚጭን ልጅ ፒያሳ አካባቢ አሁንም አለ? ድሮ የምጭንበት ሱቅ ፈርሷል። የአማርኛ ትርጉም ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ባይኖርም ራሴው ተርጓሚ ነበርኩ።

ሚኪ አራት ኪሎ
እሑድ፣ ማታ 2፡58

ጋሼ አራት ኪሎ ይምጡ፣ እኔ እጭንልዎታለሁ። በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። «ብላክቦርድ ጃንግል» ካለዎት ይዘው ይምጡ።

ብዕረኛው
እሑድ፣ ማታ 3፡30

ቡቹ፣ የስቲከሩን ነገር ለጽሑፌ ልወስደው ነው። ፈቃድህን እጠይቃለሁ። ልጁን የሚመታበትን ምክንያት ሁልጊዜ አልወደድኩትም ነበር፣ ሰበብ ይመስል ነበር። አሁን ገባኝ።

ቡቹ
እሑድ፣ ማታ 3፡41

ውሰደው ብሮ። ግን ስቲከር የተደረገው ልጅ መቺው አይሁን። ሁሌ ተበቃይ ታደርጉናላችሁ። ብዙው ልጅ ምንም አያደርግም፣ ትምህርት ቤት መምጣት ያቆማል በቃ።

ብዕረኛው
እሑድ፣ ማታ 3፡44

እሱን ደግሞ ማን ገንዘብ ይሰጠኛል 😄 «ምንም ያላደረገው ልጅ»። እሺ፣ አስብበታለሁ። የምሬን ነው።

ቲቸር 9ኛ ቢ
እሑድ፣ ማታ 4፡05

ፊልም እስኪመጣ ለምን ትጠብቃላችሁ? በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፣ ድራማ ክበብ አለ። ሰልፍ ላይ የአሥር ደቂቃ ጭውውት ይሠራሉ። ስለ ፈተና ኩረጃና ስለ ጽዳት ብቻ ከሚሆን ይሄን ይሥሩት። ቡቹ፣ አንተ ጻፈው።

ቡቹ
እሑድ፣ ማታ 4፡09

ቲቸር፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚቀርበውን ጽሑፍ መጀመሪያ የሚያነበው ዩኒት ሊደሩ ነው።